ከአንድ አጭር ክሮሞሶም እስከ ዕለታዊ መድኃኒት፦ የኢማቲኒብ ታሪክና ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ጣፊያው ያበጠ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት እንግዳ አይደለም። ወባ፣ ቃላዛር፣ ቢልሃርዚያና ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጣፊያን ስለሚያሳብጡ የጤና ባለሙያው ሐሳብ በቅድሚያ ወደ እነዚህ ቢያመራ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሕመምተኞች መካከል ጥቂቶቹ የተሸከሙት ሌላ በሽታ ነው። የደም ስሚራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ መስኩ በነጭ የደም ሕዋሳት ተጨናንቆ፣ የበሰሉትና ያልበሰሉት ሕዋሳት ጎን ለጎን ተቀላቅለው ይገኛሉ። ይህ በሽታ ሥር የሰደደ የማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል።

ከ2001 በፊት እንዲህ ያለ ስሚር ያየ ሐኪም ለአብዛኞቹ ሕመምተኞች ሊሰጥ የሚችለው ተስፋ በጥቂት ዓመታት የሚለካ ነበር። ዛሬ ግን በሽታው በጊዜ ከታወቀና ሕክምናው ሳይቋረጥ ከተሰጠ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በየቀኑ በአፉ እየወሰደ፣ ሥራውን እየሠራና ልጆቹን እያሳደገ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። ይህን ለውጥ ያመጣው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ነው። የኢማቲኒብ ታሪክ ካንሰርን ዒላማ ለይቶ የመምታት ምርምር ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በግልጽ ያሳያል። ከዚህም በተጨማሪ የተመራማሪው ሥራ በቤተ ሙከራ ቢጀመርም ፍጻሜውን የሚያገኘው በሽታውን በሚለየውና ሕመምተኛውን በሚከታተለው የጤና ባለሙያ እጅ መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጭ ደም

በ1845 ጆን ሂውዝ ቤኔት በኤዲንብራ፣ ሩዶልፍ ቪርቾው ደግሞ በበርሊን ጣፊያቸው ከመጠን በላይ አብጦ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ሁለቱም በደም ውስጥ እጅግ የበዙ ነጭ ሕዋሳትን አይተዋል። ቤኔት ነገሩን የደም መመርቀዝ አድርጎ ተረጎመው፤ ደሙ መግል የያዘ መሰለው። በጊዜው የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ቪርቾው ግን ለዚህ ሁሉ መግል ምንጭ የሚሆን ቁስል ባለማግኘቱ የቤኔትን ዓይነት ማብራሪያ አልሰጠም። ያየውን ብቻ ይዞ በሽታውን «ነጭ ደም» አለው። በ1847 ደግሞ ሉኪሚያ የሚለውን፣ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ስም ሰጠው።

ስሙ ቢገኝም መድኃኒቱ ሩቅ ነበር። በ1865 የአርሰኒክ ውሕድ የሆነው የፋውለር መፍትሔ ለሕመምተኞች ተሞከረ፤ የነጭ ሕዋሳቱን ቁጥርና የጣፊያውን እብጠት ለጊዜው ይቀንስ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣፊያን በኤክስሬይ ማከም ተጀመረ። በ1950ዎቹ ቡሱልፋን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሃይድሮክሲዩሪያ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ የሕመምተኛውን ደም ለጊዜው ያረጋጉ ነበር እንጂ የበሽታውን ጉዞ አይገቱም ነበር። በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ወደ አጣዳፊ ሉኪሚያ ይለወጥና ሕመምተኛው በወራት ውስጥ ይሞት ነበር።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመቅኒ ንቅለ ተከላ አንዳንድ ሕመምተኞችን ፈጽሞ መፈወስ ቻለ። ነገር ግን ንቅለ ተከላው የሚስማማ ለጋሽ የሚጠይቅ፣ በራሱም ብዙ ሰው የሚገድል ሕክምና ነበር። በ1980ዎቹ የመጣው ኢንተርፌሮን ደግሞ ጥቂቶቹን ሕመምተኞች በእጅጉ ቢጠቅምም በመርፌ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማትና የመንፈስ ጭንቀት የሚያስከትል ስለነበረ ብዙዎች ሊታገሡት አልቻሉም። ከእነዚህ ሕክምናዎች አንዱም በሽታውን ያስነሣውን ነገር ለይቶ አልተቀመመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዒላማው ገና አልታወቀም ነበር።

በጊምሳ የታየው ምልክት

ካንሰር ከክሮሞሶም መዛባት ሊነሣ እንደሚችል ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቨሪ በ1914 ጽፎ ነበር። ሐሳቡን የሚፈትኑበት ዘዴ ግን ለብዙ ዓመታት አልተገኘም። የሰው ሕዋስ ክሮሞሶሞች 46 መሆናቸው እንኳ በትክክል የታወቀው በ1956 ነው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ሐኪም ፒተር ኖዌል የሉኪሚያ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ እያሳደገ ያጠና ነበር። ኖዌል የክሮሞሶም ባለሙያ አልነበረም። ሕዋሳቱ ያሉበትን ስላይድ በቧንቧ ውኃ አጠበና የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ለወባ ምርመራ በሚያውቁት በጊምሳ ቀለም አቀለመው። ጨው አልባው ውኃ ወደ ሕዋሳቱ ገብቶ ስላሳበጣቸው ክሮሞሶሞቹ ተበታትነው አንድ በአንድ ሊታዩ ቻሉ። ኖዌል ያየውን የሚተረጉምለት ሰው ፈልጎ በዚያው ከተማ በካንሰር ምርምር ተቋም የክሮሞሶም ጥናት ያካሂድ ከነበረው ከዴቪድ ሀንገርፎርድ ጋር ተገናኘ።

ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ሀንገርፎርድ በእነዚህ ሕመምተኞች ሕዋሳት ውስጥ ከተለመደው እጅግ ያነሰ አንድ ክሮሞሶም ተመለከተ። በ1960 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት አጭር ዘገባ ይህ ምልክት በ7 ሕመምተኞች ላይ መገኘቱን ገለጹ። ክሮሞሶሙም በከተማይቱ ስም የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ተባለ። ከአንድ የካንሰር ዓይነት ጋር ዘወትር ተያይዞ የተገኘ የመጀመሪያው የክሮሞሶም ለውጥ ይህ ነበር።

ሆኖም ግኝቱ ወዲያው ሁሉን አላሳመነም። የክሮሞሶሙ ማጠር የበሽታው መንሥኤ ነው ወይስ በሽታው ያስከተለው ውጤት? ቁራጩስ የት ሄደ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ዐሥራ ሦስት ዓመታት አስፈለጉ።

በምግብ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ እንቆቅልሽ

መልሱን ያገኘችው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናት። ራውሊ አራት ወንዶች ልጆቿን እያሳደገች ለብዙ ዓመታት በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ የሠራች ባለሙያ ነበረች። በ1970 ክሮሞሶሞችን በሚያበራ ቀለም በማቅለም እያንዳንዱን በራሱ ጥለት መለየት የሚያስችል ዘዴ በስዊድን ተገኘ። ራውሊ ይህን ዘዴ ተምራ የሉኪሚያ ሕመምተኞችን ክሮሞሶሞች ፎቶግራፍ አነሣች። ፎቶግራፎቹንም በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ እየቆራረጠች ጥንድ በጥንድ ትደረድር ነበር። ልጆቿ እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር በኋላ ተናግራለች።

ከዚህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ አንድ እውነት ወጣ። የፊላደልፊያ ክሮሞሶም የሆነው 22ኛው ክሮሞሶም ሲያጥር 9ኛው ክሮሞሶም በአንጻሩ ረዝሞ ይገኛል። ስለዚህ ቁራጩ አልጠፋም፤ ሁለቱ ክሮሞሶሞች ጫፋቸውን ተለዋውጠዋል። ራውሊ ይህን በ1973 በኔቸር መጽሔት አሳተመች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ክሮሞሶሞቹ በተሰበሩበትና በተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ምን ዓይነት ጂን አለ?

ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የተገኘው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1970 በአይጦች ላይ ካንሰር የሚያስነሣ አንድ ቫይረስ ተለይቶ ስለነበር፣ በ1980 ተመራማሪዎች የዚህ ቫይረስ ኤብል የተባለው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባል ኤንዛይም መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ኤንዛይም ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ የኃይል ምንጭ ላይ ፎስፌት ወስዶ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ በመለጠፍ ሕዋሱ እንዲባዛ ትእዛዝ ያስተላልፋል። በ1982 የኤብል ጂን በጤናማ ሰው 9ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ፣ በእነዚህ ሕመምተኞች ዘንድ ግን ወደ 22ኛው እንደሚዛወር ታወቀ። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ቢሲአር ከተባለ ጂን ጋር ተዋሕዶ ቢሲአር-ኤብል የተባለ አዲስ ጂን እንደሚፈጥር ተደረሰበት።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ኤብል ሲያስፈልግ ይሠራል፤ ሳያስፈልግ ያርፋል። ውሑዱ ቢሲአር-ኤብል ግን መዝጊያው እንደተሰበረ ቧንቧ ነው፤ ትእዛዙን ያለማቋረጥ ያፈስሳል። በ1990 ተመራማሪዎች ይህን ጂን ወደ አይጥ የመቅኒ ሕዋሳት ሲያስገቡ አይጦቹ ሥር የሰደደ የማይሎይድ ሉኪሚያን የሚመስል በሽታ ያዛቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በስላይድ ላይ የታየው ምልክት የበሽታው አስነሺ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ቁልፉን ፍለጋ

ዒላማው ሲታወቅ የሚመታው መድኃኒት ግን በራሱ አልመጣም። በሰው አካል ውስጥ ከ500 በላይ ካይኔዞች አሉ፤ ሁሉም ኤቲፒን ይጠቀማሉ። ስለዚህ አንዱን ብቻ ለይቶ፣ ሌሎቹን ሳይጎዳ የሚያግድ ውሕድ ማግኘት አይቻልም የሚል አመለካከት በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ ሰፍኖ ነበር።

በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በነበረው ሲባ-ጋይጊ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ በአሌክስ ማተርና በኒኮላስ ላይደን የሚመራ ቡድን ይህን አመለካከት አልተቀበለም። የኬሚስትሪ ባለሙያው ዩርግ ዚመርማን አንድ መነሻ ሞለኪዩል ይዞ በትንሽ በትንሹ ይለዋውጠው ጀመር። በአንድ ቦታ ላይ የተጨመረች አንዲት የሜቲል ቅንጣት ሞለኪዩሉ ሌላ ዓይነት ካይኔዝ እንዳይነካ አደረገችው። በሌላ ጫፍ የታከለ ቁራጭ ደግሞ በውኃ እንዲሟሟና በአፍ እንዲወሰድ አስቻለው። የባዮሎጂ ባለሙያዋ ኤልሳቤት ቡህዱንገር እያንዳንዱን ውሕድ በሕዋሳት ላይ ትፈትን ነበር። ከእነዚህ አንዱ በኋላ ኤስቲአይ 571፣ ቀጥሎም ኢማቲኒብ የተባለው ነው።

የመድኃኒቱ አሠራር ለመረዳት አያስቸግርም። የኤብል ኤንዛይም ኤቲፒ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለው። ኢማቲኒብ ኤንዛይሙ ባረፈበት ቅጽበት በዚህ ቦታ ገብቶ ይቀመጣል፤ በጓጉንቸር ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ ሌላ ነገር እንዳይገባ ይዘጋል። ፎስፌት አይለጠፍም፤ ትእዛዝ አይተላለፍም፤ በዚህ ትእዛዝ ላይ ብቻ ሕይወቱን የመሠረተው የካንሰር ሕዋስም ይሞታል።

በአሜሪካ ደግሞ ብራያን ድሩከር የተባለ የካንሰር ሐኪም ለዚህ በሽታ መድኃኒት ይፈልግ ነበር። በ1993 ወደ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ተዛውሮ ከላይደን ጋር በመገናኘት የተላኩለትን ውሕዶች በሕዋሳት ላይ ፈተነ። በ1996 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ፤ መድኃኒቱ ቢሲአር-ኤብል ያለባቸውን ሕዋሳት ሲገድል ጤነኞቹን አልነካም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው ሊፋጠን ሲገባው ዘገየ። በ1996 ሲባ-ጋይጊ ከሳንዶዝ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሲሆን ትኩረቱ ወደ ሌላ ዞረ። በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ የጉበት ጉዳት መታየቱም ሥጋት አሳደረ። በአሜሪካ በየዓመቱ በበሽታው የሚያዙት ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ በመሆናቸው ገበያው ወጪውን አይመልስም የሚል ጥርጣሬም ነበር። ድሩከርና የባዝሉ ቡድን ሳይታክቱ በመወትወታቸው በመጨረሻ በሰው ላይ ሙከራ እንዲጀመር ተፈቀደ።

ከ54 ሕመምተኞች 53ቱ

ሙከራው በጁን 1998 በፖርትላንድ፣ በሎስ አንጀለስና በሂውስተን ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ ኢንተርፌሮን ያልጠቀማቸው ወይም ያልተስማማቸው ነበሩ። መጠኑ በቀን ከ25 ሚሊግራም ተነሥቶ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ተደረገ። በ2001 በታተመው ዘገባ መሠረት በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕመምተኞች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማ ሁኔታ ተመለሰ፤ ይህም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የታየ ነው። ከፊሎቹ ዘንድ የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ራሱ ከመቅኒው መጥፋት ጀመረ። በካንሰር መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ፣ ዓላማው የመድኃኒቱን ደኅንነት ማወቅ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ውጤት የተለመደ አልነበረም።

ወሬው በሕመምተኞች መካከል በፍጥነት ተሰራጨ። በ1999 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የፈረሙበት ደብዳቤ መድኃኒቱ በብዛት እንዲመረት ለኩባንያው ቀረበ፤ ኩባንያውም ምርቱን አሳደገ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማመልከቻው በቀረበለት ሦስት ወር ሳይሞላ በሜይ 10 ቀን 2001 ፈቃድ ሰጠ። ምልክቱ ከታተመበት ከ1960 ጀምሮ ሲቆጠር 41 ዓመት መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አንዱ ትውልድ ያየውን ሌላው ተርጉሞ፣ ሦስተኛው ወደ መድኃኒት ለወጠው።

አይሪስ የተባለው ትልቅ ጥናት 1,106 አዲስ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ኢማቲኒብን ከኢንተርፌሮንና ከሳይታራቢን ጥምረት ጋር አነጻጸረ። በ18 ወር የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ሙሉ በሙሉ ከማይታይበት ደረጃ የመድረስ ግምት በኢማቲኒብ 76.2 በመቶ፣ በጥምረቱ 14.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2017 በታተመው የረጅም ጊዜ ውጤት መሠረት ኢማቲኒብ እንዲወስዱ ከተመደቡት መካከል 83.3 በመቶ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ።

ከመድኃኒቱ የሚያመልጠው ሕዋስ

ዒላማ ለይቶ የመምታት ሐሳብ በኢማቲኒብ አልተጀመረም። ፖል ኤርሊክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተውሳኩን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ሲመኝ ነበር። በካንሰርም ዘንድ ሪቱክሲማብ በ1997፣ ትራስቱዙማብ በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተዋል። ኢማቲኒብ ግን በትንሽ ሞለኪዩል አንድን ካይኔዝ በመዝጋት በሽታውን መግታት እንደሚቻል በማሳየቱ ለሌሎች በርካታ መድኃኒቶች በር ከፈተ። ራሱም ኪት የተባለ ሌላ ካይኔዝ ስለሚያግድ ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ ለሚነሣ አንድ የእጢ ዓይነት በ2002 ተፈቀደ።

ሆኖም ካንሰር ዝም ብሎ አይመታም። በ2001 ቻርልስ ሶየርስና ባልደረቦቹ በሽታው ባገረሸባቸው ሕመምተኞች ላይ የኤብል ኤንዛይም ራሱ መለወጡን አሳዩ። በፕሮቲኑ 315ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በአይሶሉሲን ሲተካ ኢማቲኒብ በቦታው መቀመጥ አይችልም። በመሆኑም ዳሳቲኒብ በ2006፣ ኒሎቲኒብ በ2007 ተከተሉ። እነዚህም የማይበግሩትን ይህን ለውጥ የሚቋቋመው ፖናቲኒብ በ2012 መጣ፤ ኤንዛይሙን በሌላ ቦታ የሚይዘው አሲሚኒብም በ2021 ተፈቀደ።

በሌሎች ካንሰሮች ላይ ድሉ ይህን ያህል የተሟላ አልሆነም። ሥር የሰደደ የማይሎይድ ሉኪሚያ በመጀመሪያ ደረጃው በአንድ የጂን ለውጥ ላይ የቆመ በሽታ ነው። የሳንባ፣ የአንጀትና የቆዳ ካንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ለውጦች ላይ የቆሙ ስለሆኑ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ያመልጣሉ። የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰር ላይ የሚያነሣሡ መድኃኒቶች ተስፋ የተጣለባቸው ከፊል ምክንያትም ይኸው ነው። ለዚህ ሕክምና መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሁለቱም መስክ ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚጠቅም የሚታወቀው በምርመራ ነው።

የዋጋው ነገር

አንድ መድኃኒት ሕይወትን የሚያድነው ሲገኝ ነው። ኢማቲኒብ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ የዓመት ዋጋው ወደ 30,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በ2012 ወደ 92,000 ዶላር ደረሰ። በ2013 ከ100 በላይ የዚህ በሽታ ሊቃውንት የመድኃኒቶቹን ዋጋ በመቃወም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ድምፃቸውን አሰሙ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል 1 ቀን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው በመድኃኒቱ አንድ ቅርጽ ላይ የጠየቀውን የፓተንት መብት ውድቅ በማድረጉ ርካሽ የሆኑት የሕንድ ምርቶች ያለ ገደብ መመረታቸውን ቀጠሉ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ።

መግዛት ለማይችሉ ሕመምተኞች ኩባንያው ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር በመሆን መድኃኒቱን በነጻ የሚያደርስ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ስትሆን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕመምተኞች በዚህ መንገድ መድኃኒቱን አግኝተዋል። በባዝል የተቀመመ መድኃኒት በዚህ መልክ ከሩቅ ገጠር ለመጣ ገበሬ ደረሰ ማለት ነው።

የመጨረሻው እርምጃ

ይህ ሁሉ ድካም በመጨረሻ የሚፈተነው በሕመምተኛው ቤት ነው። በለንደን የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት 87 ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን በትክክል መውሰዳቸውን የመድኃኒት ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር በሚመዘግብ ክዳን ለሦስት ወር ተከታተለ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በስድስት ዓመት ውስጥ በሽታው በሞለኪዩል ደረጃ በእጅጉ ከቀነሰበት ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው 94.5 በመቶ ነበር። 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች በወሰዱት ዘንድ ግን ዕድሉ 28.4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዐሥር በመቶ ማለት ከወር ሦስት ቀን ነው። በወር ሦስት ቀን መድኃኒቱን መዝለል የአርባ ዓመቱን ሥራ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚዘልለው ግን በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ደኅና መሆኑ ሲሰማው ዳንሁ ብሎ ያቋርጣል፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣል፤ የማቅለሽለሽና የዓይን ዙሪያ እብጠት ያስመርረዋል። በዚህ ጊዜ ሊያነጋግረው የሚችለው በቅርቡ ያለው ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ፋርማሲስት ነው። መድኃኒቱ ከምግብ ጋርና በቂ ውኃ ተጨምሮበት ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። በጾም ወቅት የሚወሰድበት ሰዓት ከምግቡ ሰዓት ጋር ይስማማል እንጂ መድኃኒቱ አይዘለልም። ኢማቲኒብ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የቤተሰብ ምጣኔ ምክር የሕክምናዋ አካል ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የኢማቲኒብ መጠን ከግማሽ በላይ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሳይዘገዩ ከስፔሻሊስት ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ክትትሉም ከቀድሞው ቀሏል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በሰፊው የሚሠራበት የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ በሌላ ካርትሪጅ የቢሲአር-ኤብልን መጠን መለካት ይችላል። በፈረንሳይ የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ በሽታቸው ቢያንስ ለሁለት ዓመት በምርመራ ሳይታይ ከቆየ ሕመምተኞች መካከል ከዐሥር አራት የሚሆኑት መድኃኒቱን አቁመው በሽታው ሳያገረሽባቸው እንደቆዩ አሳይቷል። ይህ ግን በቅርብ ክትትልና በተደጋጋሚ ምርመራ ሥር የሚፈጸም እንጂ ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ የሚወስነው አይደለም።

ማጠቃለያ

ቪርቾው ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መሰየሙ፣ ኖዌል በስላይዱ ላይ ያየውን እንግዳ ነገር ቸል አለማለቱ፣ ራውሊ በጠረጴዛዋ ላይ ጥንዶቹን በትዕግሥት መደርደሯ ሁሉም ከአንድ ልማድ የመነጩ ናቸው፤ በትኩረት የመመልከት ልማድ። ይህ ልማድ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። ጊምሳና ማይክሮስኮፕ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊኖር ይችላል።

ጣፊያው ያበጠ ሕመምተኛ የወባ መድኃኒት ወስዶ እብጠቱ ካልጎደለ፣ የቃላዛር ምርመራውም ምንም ካላሳየ፣ ስሚሩን ደግሞ ለነጭ ሕዋሳቱ ሲባል ማየትና ሙሉ የደም ቆጠራ ማዘዝ ይገባል። ነጭ ሕዋሳቱ በዝተው ከተገኙ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ፣ ሲመለስም መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰዱን መጠየቅ ይከተላል። በሽታው በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ሳለ የደረሰበት ሕመምተኛ ከኢማቲኒብ የሚያገኘው ጥቅም ወደ አጣዳፊ ሉኪሚያ ከተለወጠ በኋላ ከሚመጣው እጅግ ይበልጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ አንድ የጤና ባለሙያ አንዱን ስላይድ በጥንቃቄ ማየቱ ወይም አለማየቱ ነው።